ሰው ሳይሞትብኝ የተላጨሁ ጊዜ

ያገኘችው ሹሩባ የምትሠራኝ ጎረቤቴ ነበረች። የገና ሰሞን ነው፤ ላሊበላ ከየአገሩ በእግሩ በመጣ ተሳላሚ ተሞልታለች። እሷ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ መሬት ላይ እግሬን ዘርግቼ፣ እያወጋን ሳለ እጇ ቆመ። ወሬዋም አብሮ ቆመ። ምነው ብላት ምንም አይደል አለችና ቀጠለች። ጨርሳ፣ ልሄድ ስነሳ ነው፣ ዐይን ዐይኔን ሳታይ፣ ከጆሮዬ በላይ ላሽ እንደወጣብኝ፣ በሹሩባው እንደሸፈነችልኝ፣ ግን ሳልውል ሳላድር ለሰው ማሳየት እንዳለብኝ የነገረችኝ።

ቤቴ ገብቼ በጣቴ ስዳብስ አገኘሁት። አንዲት ሳንቲም ታህላለች። ጸጉር ኖሮባት የሚያውቅ አትመስልም፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰች ነች። አታሳክክም፣ አታምም። ስላላመመችኝ በራሷ ጊዜ ትሄዳለች ብዬ ተውኳት።

ያኔ ከተጋባን ብዙም አልቆየንም ነበር። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ እኔ ደግሞ በአንድ የመንግሥት ሆቴል የምግብ አዳራሽ ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። ከአብዮቱ ወዲህ ፈረንጅ ቀንሷል። የሚመጡት ከሶሻሊስት አገሮች በቡድን ሆነው የሚዞሩ እንግዶች፣ ወይም ለስብሰባ ከደሴና ከአዲስ አበባ የሚላኩ ሹማምንት ናቸው። ቢሆንም ልብሳችን የተተኮሰ፣ ጸጉራችን የተሠራ እንዲሆን ይፈለግብን ነበር። እኔ ደግሞ በጸጉሬ የምታወቅ ሴት ነበርኩ። መልኬ ይኼን ያህል አልነበረም፤ የሚመሰገነው ጸጉሬ ነው።

ፋሲካ ሳይደርስ ከማጅራቴ በኩል ሌላ ወጣ። ከዚያም ከግንባሬ ከፍ ብሎ። ጧት ስነሳ ትራሴ ላይ የሚቀረውን ጸጉር ባለቤቴ ሳያይ እየለቀምኩ በመዳፌ አድበልብዬ ምድጃ ውስጥ እጥለው ነበር። ሲቃጠል ስለሚሸት ግን የማያውቅ አልነበረም። እሱም ያውቃል፤ እኔም ማወቁን አውቃለሁ፤ አንነጋገርም።

የተናገሩት አማቴ ናቸው። የቄስ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ካረፉ በኋላ ከደጋው ሰፈራቸው ወደ እኛ መጥተው ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ሻሼን ፈትቼ ስታጠብ ደረሱብኝና ራሴን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። አልደነገጡም። ይህ በምላጭ የሚድን ነገር ነው፣ በእኛ አገር ከብት ጠባቂው ሁሉ ያውቀዋል አሉኝ።

ፀሐይ ሲወጣ ከደጅ ያስቀምጡኛል። አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ያወጡና ባዶውን ቦታ ጫር ጫር ያደርጉታል። ጥልቅ አይደለም፤ ደሙ እንደ ላብ ብቅ ብቅ ሲል ያቆማሉ። ከዚያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በጣታቸው ይዘው ያሹታል። እንባዬ ያለ ፈቃዴ ይወርዳል። ካልቆጠቆጠ አይሠራም ይሉኛል፣ በሌላው እጃቸው አገጬን ደግፈው። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ራሴን እንዲያ ይዞኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ምላጩን እጠላዋለሁ፣ መያዙን ግን እወደው ነበር። የሽንኩርቱ ሽታ ግን ከእኔ ጋር ሥራ ይገባል። ሾርባ ሳቀርብ እንግዶቹ ከሾርባው መስሏቸው ያሸቱታል።

አንዳንዱ ቦታ ጭገር የመሰለ ነገር አበቀለ፤ መልሶ ረገፈ። አንዱ ደግሞ አመረቀዘና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ቆረቆር ነው ብሎ ሐምራዊውን ቀለም፣ ጂቪ የሚሉትን፣ ቀባኝ። ቁስሉ ደረቀ፤ ላሹ እዚያው ነበር። ሻሼ፣ ትራሴ፣ የባለቤቴ የሸሚዝ ትከሻ ሁሉ ሐምራዊ ሆነ። ተማሪዎቹ ጠመኔው ይሆናል ብለው እንደሚያስቡ ነግሮኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ነገር አብረን ሳቅን።

የንስሐ አባታችን ጠበል አዘዙልኝ። ባለቤቴ በየስብሰባው ስለ ኋላቀር ልማድ እንዲናገር የሚታዘዝ መምህር ነው፤ ይናገራልም። ጧት ግን ጋቢውን ተከናንቦ እስከ ጠበሉ ድረስ ይሸኘኝና ዞር ብሎ ቆሞ ይጠብቀኛል። ውኃው በረዶ ነው። ራሴ ላይ ሲወርድ ትንፋሼ ይቆረጣል፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ምንም ሐሳብ አይኖረኝም። ጸጉር አላበቀለልኝም፤ ያቺን ጥቂት ጊዜ ግን ሌላ ቦታ አላገኘኋትም።

ከሁሉ ያደከመኝ የሰው ምክር ነው። ላሽ ያለባት ሴት የሕዝብ ንብረት ነች። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ መድኃኒት ያውቃል። ቅቤ ቀቢ የሚል አለ፤ ቅቤ አይንካሽ የሚል አለ። እሬት፣ የጉሎ ዘይት፣ የጌሾ እጣቢ ሁሉንም ሞክሬያለሁ። አንዷ ሰው ዐይን ነው ስትለኝ፣ ሌላዋ ልጅ ስላልወለድሽ ደምሽ ወደ ላይ ወጥቶ ነው ትለኛለች። ሁሉም የሚናገሩት በፍቅር ነው፣ ስለዚህ መቆጣት አይቻልም። እሺ፣ እሞክረዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ብቻ ነው። ይህን ስል ውዬ ቤቴ ስገባ መንጋጋዬ ይዝላል።

የሆቴሉ ኃላፊ ከአዲስ አበባ የተመደበ ሰው ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ቢሮው አስጠራኝና መስኮት መስኮቱን እያየ የልብስ ንጽሕና ክፍሉ የሚታመን ሰው እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። ስለ ራሴ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅሁትም። እሺ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ሆነ። የውኃው እንፋሎት፣ የካውያው ሙቀት፣ ከሰል ማቀጣጠሉ ይከብዳል፤ ግን በሩን ዘግቼ ሻሼን መፍታት እችላለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሳለሁ ሻሼ የተንሸራተተ እየመሰለኝ ሰሃን በአንድ እጄ፣ ሻሼን በሌላው እጄ ስይዝ ነበር የምውለው። ማዘን የሚገባኝ ቀን ዐረፍኩ።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ይህን ስትሰማ በአውሮፕላን በመጣ ሰው ዊግ ላከችልኝ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከሥሩ ወደ ላይ የተጠቀለለ ነው። ሳደርገው መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት የከተማ ሰው ነች፤ እኔን አትመስልም። አማቴ ግን እሱ ባለበት ክፍል አልቀመጥም አሉ። የማን ሙት ጸጉር እንደሆነ ሳይታወቅ እንዴት ራስ ላይ ይደረጋል? የናይለን ነው ብላቸው አልተቀበሉኝም። አንድ ጊዜ አድርጌው ወጣሁና የቀትር ነፋስ ከኋላ ሲገባበት እንደ ዶሮ ክንፍ ተነሣ። ሁለተኛ አልወጣሁበትም፤ ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ደሴ እንሂድ ያለው ባለቤቴ ነው። እዚያ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም መጥታለች የሚል ወሬ ሰምቷል። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት፣ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ እስኪያገኝ ብዙ ተመላለሰ። በእህል መኪና ላይ ተጭነን ጋሸና ወጣን። ጋሸና ላይ ነፋሱ ፊት ይልጣል። እዚያ ሻይ ጠጥተን፣ ቻይናዎቹ በሠሩት መንገድ ወደ ወልድያ የሚወርድ መኪና እስኪገኝ ከአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ሥር ተጠግተን ዋልን። ባለቤቴ እጄን ይዞ ነበር። በሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም።

ሐኪሟ ዕድሜዋ የገፋ ፈረንጅ ነበረች። የራሷም ጸጉር ሳስቷል፤ በቀለም ነክራዋለች፤ ከሥሩ ነጩ ይታያል። ራሴን በማጉያ መስታወት ቀስ ብላ አየችው። ከዳር ከዳሩ አንዳንድ ጸጉር ሳብ አድርጋ እንዴት እንደሚነቀል አየች። ምላጩ የተወውን ጠባሳ ስታይ በጣቷ ዳሰሰችው። የምትተረጉምልን ነርስ ነበረች። ደንግጬ እንደሆነ፣ ሰው ሞቶብኝ እንደሆነ፣ ከቤቴ ሰው እንዲህ ያለበት እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ከዚያ ሐኪሟ ተናገረች፤ ነርሷም ወደ እኔ ዞረች።

«የሰውነትሽ ሥራ ነው። ጸጉርሽን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያባርረዋል። ማንም አላደረገብሽም፤ አንቺም በራስሽ አላመጣሽውም ትልሻለች።»

«ታዲያ ይቆማል?» አልኩ።

ነርሷ ጠየቀችልኝ። ሐኪሟ ረጅም ነገር ተናገረች፤ እጇን ከፍ ዝቅ እያደረገች። ነርሷ ጨርሳ ሰማችና፣ «አይታወቅም ነው የምትለው» አለችኝ።

ሕክምናው መርፌ ነው። ክንድ ላይ ሳይሆን እዚያው ባዶው ቦታ ላይ የሚወጋ። መድኃኒቱ እንደ ወተት የነጣ ነው፤ መርፌው ቀጭን። ከቆዳው ሥር ጠብ ታደርግና ትነቅላለች፣ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ደግሞ ትወጋለች፣ እንዲህ እያለች ቦታውን ታዳርሰዋለች። መርፌው ወደ አጥንቱ ሲቀርብ ድምፁ ከውስጥ ይሰማኛል፤ አሸዋ ላይ እንደ መርገጥ ያለ። ባለቤቴ ከበሩ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ የፈራው እሱ እንደሆነ ከደረቀው ከንፈሩ ገባኝ። ወር ሲሞላ ተመለሱ ተባልን። እሱ ወደ ተማሪዎቹ ሄደ፤ እኔ ደሴ ከአክስቱ ዘንድ ቆይቼ ሁለተኛውን ተወጋሁና ላሊበላ ገባሁ።

በቀለ። እውነት ነው፣ በቀለ። መጀመሪያ እንደ ጫጩት ላባ፣ ቀጥሎ እንደ ጥጥ። ነገር ግን ነጭ ነበር። ገና ሠላሳ ያልሞላኝ ሴት ከጆሮዬ በላይ ሽበት አወጣሁ። መርፌው የገባበትም ቆዳ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ቀረ፤ ጣት ያርፍበታል። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ወስደው ካዩት በኋላ፣ አረጀ እንጂ አልዳነም አሉ። ባለቤቴ ይጠቁራል፣ ሐኪሟ ይጠቁራል ብላለች ይላል። እኔ ደስታዬን ለማን እንደምሰጠው አላወቅሁም።

ለሦስተኛው መርፌ አልሄድኩም። መንገዱ ተዘጋ። አንድ ሰሞን መኪናው ሁሉ ለጦር ሠራዊት ነው ተባለ፣ ሌላ ሰሞን ወልድያ ማዶ ተኩስ አለ ተባለ፣ የይለፍ ወረቀት መስጠትም ቀረ። ሐኪሟ ወደ አገሯ እንደተመለሰች በኋላ ሰማን። ያ ነጭ ጸጉር ጥቁር ሳይሆን ረገፈ፤ ባዶዎቹ ቦታዎችም እየሰፉ ሄደው አንዱ ከሌላው ተገናኙ። የግራ ቅንድቤ እኩሌታ ሄደ።

ዝናቡም በዚያው ቀረ። ገብሱ ከመሬት ሳይነሣ ቀረና ሰው ከየደጋው እየወረደ ከተማው ዳር ሰፈረ። ሆቴሉ እንግዳ የለውም፤ የምናጥበው አንሶላ ጠፍቶ እኛን ለእርዳታ ሰጪዎቹ ብርድ ልብስ እንድናጥፍ ላኩን። የሕፃናቱ ጸጉር ቀልቶ፣ ሳስቶ፣ እንደ ጤፍ ጭድ ሆኖ ይታያል፤ ሲዳስሱት ከእጅ ጋር ይመጣል። መድኃኒት የሚነግራቸው አልነበረም። ያን ሰሞን ስለ ራሴ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ። እኔም መስታወት ማየቱን ረሳሁት። ስለ ጸጉር ማሰብ አሳፋሪ መስሎኝ ነበር እንዳልል፣ ማፈርም አቅም ይፈልጋል።

በማግስቱ ዓመት ዝናብ ትንሽ ሲመለስ የሰው ምክር አብሮ ተመለሰ። አንዷ የእርዳታ ሠራተኛ ሳትቀር ቅባት ሰጠችኝ። ብልቃጡን ይዤ ቤት ስገባ፣ ከእንግዲህ አንድም ነገር ራሴ ላይ እንደማላስቀምጥ ዐወቅሁ። አማቴ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ባለቤቴ የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል።

«የቀረውን ልላጨው ነው» አልኳቸው።

አማቴ እንዝርቱን አስቀመጡ። «ሰው ሳይሞትብሽ?»

«ደከመኝ እማማ።»

«ድካምሽን አጥቼው አይደለም፣ ልጄ። ሴት ራሷን የምትላጨው ቀብራ ስትመጣ ነው፣ ወይ ስትመነኩስ ነው። ያለዚያ የተላጨች እንደሆነ ሞትን ትጠራዋለች። እኔ ያለኝ ይኼ አንድ ልጅ ነው።»

ባለቤቴ ብዕሩን አኖረና እናቱን አያቸው። «እማዬ፣ ሞት እኮ በዚህ አገር ጥሪ አልጠበቀም» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ላለማየት ነው። ባለቤቴ ቅማል ሲበዛ የተማሪዎቹን ጸጉር የሚቆርጥበት መቀስ ነበረው። በእሱ አሳጠረው፣ ከዚያ ሳሙና ቀብቶ በምላጭ ጨረሰው። የተላመደ እጅ አልነበረውም፤ አንድ ሁለት ቦታ አደማኝ፤ ይቅርታ እያለ በጣቱ ይጫነዋል። ሲያበቃ ራሴ ቀለለኝ፤ ቀላል ብቻ ሳይሆን ቀዘቀዘኝ። አማቴ ሲመለሱ ከበሩ ቆመው አዩኝ። የፈራሁት ቁጣ አልመጣም።

«የራስሽ ቅርጽ ያምራል» አሉኝና ወደ ጥጣቸው ተመለሱ።

ያላሰብኩት ለቅሶ ደራሹን ነው። ሻሼ ከራሴ ጋር መጣበቁን ያየ ሁሉ ቤተ ሰብ ሞቶባታል ይላል። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ዕቃቸውን ጥለው ይመጡና እግዜር ያጽናሽ ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ፣ የሞተብኝ የለም፣ ሕመም ነው ስል አስረዳ ነበር። አያምኑኝም። በዚያን ዘመን ለቅሶውን የሚደብቅ፣ ልጁ ወይም ወንድሙ እንዴት እንደሞተ ጮክ ብሎ መናገር የማይችል ሰው ነበርና፣ እኔ በካድኩ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ገብቶናል በሚል ዐይን እጄን ይጨብጡኛል። ሲደክመኝ ጊዜ አሜን ማለት ጀመርኩ። አሜን ሲሉት ቶሎ ያልቃል።

አንድ ቅዳሜ ግን ከጌሾ ተራ አጠገብ ተቀምጬ ሳርፍ አንዲት ሴት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። አላውቃትም። ከሩቅ ገጠር የመጣች ነች፤ አቧራው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ሻሽ አልነበራትም። ጸጉሯ ብዙ፣ ያልተበጠረ፣ ያልተሠራ፣ ግማሹ የሸበተ ነው። የገዛችውን ጌሾ አጠገቧ አኖረች። ከዚያ ማን እንደሞተብኝ ጠየቀችኝ። መልሴን ግን አልጠበቀችም።

«የእኔስ ልጄ ነው» አለች። «ወደ ሰሜን ወሰዱት። ከሄደ ወዲህ ወረቀትም የለ፣ ወሬም የለ። አብረውት ከሄዱት አንዱ ሞቷል አለ ይላሉ። ሰዉ ተቀመጪ ይለኛል፣ እርምሽን አውጪ ይለኛል። እኔ አልላጭም። የተላጨሁ ዕለት ሞተ ማለት ነው።»

ለእሷ አሜን ማለት አልቻልኩም። የሞተብኝ እንደሌለ፣ ላሽ እንደሆነ፣ ዓመታት እንደፈጀብኝ ነገርኳት። ፊቷን አዙራ አየችኝ። ትቀየመኛለች ብዬ ነበር።

«እስቲ ፍቺው» አለችኝ።

ገበያው መሐል ፈታሁት። በሻካራ መዳፏ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ዳሰሰችኝ፤ መርፌው የተወው ጉድጓድ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያ መድኃኒቱን ትነግረኝ ጀመር። የቁልቋል ወተት ነው፤ ከማር ጋር። ጧት ሳይሆን ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው የሚቀባው። አክስቷን እንዴት እንዳዳናት፣ አክስቷ በኋላ ጸጉሯ እስከ ወገቧ እንደደረሰ፣ በዚያ ጸጉር የተነሣ ሁለተኛ ባል እንዳገባች ሁሉ አወራችኝ። ስታወራ ፊቷ ተፈታ፤ ጥርሷም ታየ። እስከ መጨረሻው ሰማኋት። እሺ አልኳት። የሚመጣው ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ ብላኝ ጌሾዋን አንሥታ ሄደች። አልመጣችም። ከዚያ በኋላም ገበያ በወጣሁ ቁጥር ያልተሸፈነ ራስ እፈልግ ነበር። ልጇ ይመለስ አይመለስ አላውቅም።

እየተላጨሁ ብዙ ኖርኩ። ልብስ ንጽሕናው ውስጥ ሴቶቹ ለመዱኝ፤ ከተማውም ለመደኝ። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቀርብ ሆቴሉ ተዘጋና ሁላችንም ቤታችን ዋልን። ጸጉሬ የተመለሰው በዚያ ሥራ ፈት ጊዜ ነው። ማንም ምንም ሳያደርገው፣ ምላጭ ለመግዛት መንገዱ ስላልተመቸ መላጨቱን ችላ ባልኩበት ወራት ነው። ውኃ ቀድቼ ስመለስ ሻሼ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ኖሮ ባለቤቴ ከኋላዬ አየው። ጠጋ ብሎ በእጁ ዳሰሰኝ።

«ሙሉ ነው» አለ። «ጥቁር ነው።»

አማቴንም ጠራቸው። እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ስብሐት ለአብ ብለው አማተቡ። እኔ እንስራውን አወረድኩና ተቀመጥኩ። ደስታው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። የመጣው ግን ከእንግዲህ መታጠቡ፣ መቀባቱ፣ መሠራቱ ሊጀመር ነው የሚል ሐሳብ ነው፤ ደግሞም ትራሴን ጧት ጧት ማየት።

ማበጠሪያ አልነበረኝም፤ የነበረኝን ለሰው ሰጥቼ ነበር። ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ከአንዱ ሱቅ ቀይ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ይዞልኝ መጣ። አመሰገንኩት። ገና አጭር ነው፣ ትንሽ ይቆይ አልኩትና መስኮቱ ላይ አኖርኩት።